እጅሽን አውርጂ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አያ አበረ
ጥርባ (በእንጅባራ በአቶ ዋጋዬ ሱቅ በኩል)

«ይህ ልጅ ዲፕሎማውን ጨብጦ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ዘመድ እንዳለው ረሳው ወይ?» ብለው ሳይጠይቁ አልቀሩም። አልረሳሁም፣ አያ አበረ። መጀመሪያ ግን ከወንበሬ ተነሥቼ ለእርስዎና ለእትዬ ደብሪቱ እጅ እነሣለሁ። ከብቱን ከበሽታ፣ ገብሱን ከበረዶ፣ ደጃችሁን ከክፉ ወሬ ይጠብቅልን። እኔ ደህና ነኝ፤ ከጉንፋን በቀር ጠላት የለኝም።

ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ሃምሳ ስምንት ልጅ በአንድ ክፍል! ማታ ስወጣ ድምፄ ተዘግቶ ነው፤ ቢሆንም ደስ ይለኛል። የዛሬው ደብዳቤ ግን ስለ ልጅዎ ስለ ውዴ ነው።

ባለፈው ክረምት፣ ከምረቃዬ በኋላ፣ እናቴ «የአክስቴን ልጅ አበረን ሳትጠይቅ እንዳትመለስ» ብላኝ ከዳንግላ መጥቼ ሦስት ቀን ቤታችሁ አልነበርኩም? የመንደሩ ልጆች ውዴን «ደንቆሮዋ» እያሉ ሲጠሯት ሰማሁ። እሷ አልሰማችም፤ እኔ ግን እስካሁን ይሰማኛል። በመጨረሻው ቀን ከመስክ ሮጣ መጥታ እናቷ ፊት ቆመችና በእጇ ማውራት ጀመረች። ጣቷን ከግንባሯ ወደ አፍንጫዋ ስታወርድ እትዬ ደብሪቱ «የቄስ ገብረ ማርያም ቦቃ ፈረስ ነው» ብለው ተረጎሙልኝ። ቦቃው አጥር ዘሎ የሰው ገብስ በላ፤ ቄሱ ጥምጣማቸው እየተፈታ አባረሩት፤ ጭቃ ውስጥ ወደቁ። ሁላችሁም ሆዳችሁን ይዛችሁ ሳቃችሁ። እኔም ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ግን የስምንት ዓመት ልጅ ይህን የመሰለ አእምሮ ይዛ በጣት ብቻ መቅረቷ ያንገበግበኛል።

አንድ ነገር አግኝቻለሁ! በትምህርት ቤታችን የመጻሕፍት ክፍል፣ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ ትንሽ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ። ጆሮው የማይሰማ ልጅ ምላሱ ደህና ከሆነ በአፉ መናገር ሊማር ይችላል ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለዚህ ይጻፉልኝ፤ ውዴ ጆሮዋ መቼ ነው የተዘጋው? ከዚያ በፊት ትናገር ነበር? ስታለቅስ ድምፅ አላት? ቶሎ ይጻፉልኝ፤ እኔ መጠበቅ አልችልበትም።

ልጅዎ ነጋ


ጥርባ፣ ኅዳር 21 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጃችን ለመምህር ነጋ

የአባቶቻችን አምላክ በሄድክበት ሁሉ ይቅደምልህ። እኛ ደህና ነን፤ ድንቹ ተቆፍሯል፣ ገብሱም እሸት አልፎ ለማጭድ ደርሷል። ደብዳቤህን አቶ ዋጋዬ ከሱቁ በረንዳ ላይ ሰጠኝ። እዚያው ቆሜ አነበብኩት፤ ቤት ገብቼም ለደብሪቱ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። «ያ ወተት ሲጠጣ አፍንጫው ላይ የሚቀርበት ነጋ ሐኪም ሆነ?» ብላ ሳቀችብህ። አትቀየማት፤ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ ደረቷ ውስጥ ያስገባችው እሷ ናት።

ለጠየቅኸኝ። ውዴን ኩፍኝ የያዛት በሁለት ዓመት ከመንፈቋ ነው። ከዚያ በፊት በአገውኛ እናቷንም እኔንም ትጠራ ነበር። ከበሽታው ስትነሣ ጆሮዋ እዚያው ቀረ። ጠበል ሦስት ሱባዔ አስገባናት። ዳንግላ ጤና ጣቢያ ወስጄ ድሬሰሩ ጆሮዋን በመብራት አየና «ደጁ ደህና ነው፤ የተበላሸው ጓዳው ነው» አለኝ። ስታለቅስ ድምፅ አላት፤ ስትስቅማ ከጎረቤት ይሰማል። የፈረስ ኮቴ ሲመጣ በእግሯ ታውቀዋለች፤ እኔ ሳልሰማ እሷ ቀድማ ትነሣለች።

ስለ እጇ ያልከው እውነት ነው። ለዚህ ሰፈር ፈረስ ሁሉ ስም አውጥታለታለች። እኔ ጢሜ ነኝ፤ ጣቷን በከንፈሯ ላይ ታዞረዋለች። እናቷ ስትሆን መዳፏን ደረቷ ላይ ታሳርፋለች። ዘንገና ሐይቅ ሲሆን ሁለት ክንዷን ክብ አድርጋ ቁልቁል ታያለች፣ እንደ ፈራ ሰው። ማን እንዳስተማራት አናውቅም፤ እሷ አንድ ስትጨምር እኛ አንድ ስንይዝ እዚህ ደረስን።

ነገር ግን እኔና እናቷ ስንሞትስ ማን ያናግራታል? እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ ነው። መድኃኒት ካለ ላክልኝ። ከሌለም የምታውቀውን ላክልኝ፤ አንተ ተምረሃል፣ እንዳዘዝከኝ አደርጋለሁ።

አበረ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አያ አበረ

ገናን በደስታ ለመዋል ያብቃችሁ፤ በረከቱ ከደጃችሁ እስከ እኔ የኪራይ ክፍል ይድረስ።

የሚላክ መድኃኒት የለም። ያለው ዘዴ ነው፤ ዘዴው ደግሞ ከዛሬ ይጀመራል! መጽሐፉ የሚለው ይህን ነው። ልጅ የፈለገውን ሁሉ በእጁ ካገኘ ምላሱ ለምን ይደክማል? እጅ ምላስን ያሰንፋል። ስለዚህ ውዴ እጇን ስታነሣ ፊታችሁን አዙሩ። ውኃ በእጇ ብትጠይቅ በአፏ እስክትሞክር ጠብቁ። እናንተም በእጅ አታናግሯት። ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ አፋችሁን ገልጣችሁ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ፤ እጇን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጉትና ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ትዳስሰው። ከእሷ ጋር ስትሆኑ አገውኛውም ለጊዜው ይቅር፤ ትምህርት ቤት የሚጠብቃት አማርኛ ስለሆነ ሁለት ዓይነት የከንፈር አነጋገር ያምታታባታል።

መጀመሪያ ታለቅሳለች ይላል። እንዳትራሩ። አንድ ዓመት ብቻ፣ አያ አበረ! አንድ ዓመት ጨክነን ዕድሜ ልኳን ብትናገር አይሻልም? እርግጥ እኔ በዚህ ነገር ልምድ የለኝም፤ ግን መጽሐፍ ነው፣ የጻፉት ትልልቅ ሊቃውንት ናቸው።

ልጅዎ ነጋ


ጥርባ፣ የካቲት 8 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለመምህር ነጋ

ጤናህ እንዴት ከርሟል? የጾሙን ወራት ያቅልልህ። እኛ አለን።

እንዳዘዝከው ተጀምሯል። እኛን የኔታ ፊደል ያስቆጠሩን በአለንጋ ነው፤ ያለ ቅጣት የገባ ትምህርት አላውቅም። ውዴን መግረፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ የቤቱን ሰው ሰብስቤ «ከዛሬ ጀምሮ ውዴ ፊት ሰው ሁሉ እጁን ጋቢው ውስጥ ያግባ» አልኩ። ጎረቤት ሲመጣም ከደጅ እነግረዋለሁ። ቄስ ገብረ ማርያም «መስቀሉስ? ላሳልማት ወይስ እሱም ጋቢ ውስጥ ይሁን?» ብለው ቀለዱብኝ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ባትጠይቀኝ ይሻላል። ሰው አልሰማ ሲለን ድምፃችንን ከፍ እናደርግ የለም? እሷም እጇን ከፍ አደረገች። መጀመሪያ ጣቷን፣ ቀጥሎ ክንዷን፣ በመጨረሻ መላ አካላቷን። እኔ ግድግዳውን አየሁ። በሁለተኛው ሳምንት በእናቷ መቀነት ሁለት እጇን ከወገቧ ጋር አሰርኩት፤ አጥብቄ አይደለም፣ ለትምህርቱ ሰዓት ብቻ ነው። አልታገለችኝም። ቆማ አየችኝ።

ደብሪቱ ወደ ጓሮ ወጥታ ቆየች። ስትመለስ «እጅሽን አውርጂ በሏት ብሎ የጻፈልህ ያ ልጅ፣ እጅሽን አውርጂ የሚለውን በምን እንደምነግራት አልጻፈልህም? በእጄ ነው የምነግራት?» አለችኝ። አንተ ታውቅ እንደሆነ ጻፍልኝ።

ያልተቸገርክ እንደሆነ ደግሞ መስተዋት ላክልኝ። አፏን ብታይ ይቀላት ይመስለኛል።

አበረ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አያ አበረ

ትንሣኤውን በጤና ያሳየን። መስተዋቱን ወደ ዳንግላ በሚመጣ የጭነት መኪና ሾፌር እጅ፣ በሱፍ ጨርቅ ጠቅልዬ ልኬዋለሁ። መስተዋት የሚለው ሐሳብ መጽሐፉም ውስጥ አለ፤ እርስዎ ሳያነቡት ደረሱበት! እርስዎ ቢማሩ ኖሮ የት በደረሱ ነበር።

የእትዬ ደብሪቱን ጥያቄ አሰብኩበት። መጽሐፉ አይመልሰውም። በፊታችሁ ቁጣ ብቻ የምትረዳው ይመስለኛል።

አንድ ነገር ደፍሬ ልበል፤ አይቀየሙኝ። እናት በስውር በእጅ ካወራች የአባት ድካም ሜዳ ላይ ይቀራል። እርስዎ ገበያ ሲወጡ ቤት ውስጥ ምን እንደሚደረግ እርግጠኛ ነዎት? የእትዬ ደብሪቱ ርኅራኄ ልጅቷን ዲዳ አድርጎ እንዳያስቀራት እፈራለሁ። ይህን ክፍል ያንብቡላቸው። የምጽፈው ስለምወዳችሁ ነው።

ልጅዎ ነጋ


ጥርባ፣ ሰኔ 15 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጃችን ለነጋ

የምሥራች! ምሥር ብላ በለኝ!

የጰራቅሊጦስ ማግስት ጠዋት፣ ውዴ አንድ እጇን ጉሮሮዬ ላይ አድርጋ፣ ባንተ መስተዋት አፏን እያየች «አባ» አለች። ድምፁ የዛገ በር ሲከፈት ይመስላል፤ ግን «አባ» ነው። መሬት ስሜ ተነሣሁ። ጎረቤት ጠራሁ፤ ስምንት ጊዜ አስባልኳት፣ ስምንት ጊዜ አለችው። ሰው እልል አለ። ነገረኛው ጎረቤታችን ምህረቴ ብቻ «አባ ብላ ጠራችህ፤ እሺ፣ ምን ፈልጋ ነው?» አለኝ። ምን እንደፈለገች እኔም አላወቅሁም። ሳቅሁና አለፍኩት።

ደብሪቱ ደህና ናት። ያን የጻፍከውን ካነበብኩላት ወዲህ ከውዴ ጋር ብቻዋን አትቀመጥም። «እጄ ያመልጠኛል» ትላለች። ልጅቷ ፊት ስትሆን ሁለት እጇን ብብቷ ሥር ታደርጋለች፤ እንደበረዳት ሰው። «እማ» የሚለውንም ልናስተምራት ሞክረን ነበር፤ ገና ነው።

ከውዴ የፈረሶቹን ወሬ ከሰማን ቆየን። ክረምቱ ስለገባ ይሆናል።

አበረ


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አያ አበረና ለእትዬ ደብሪቱ

እግዚአብሔር ይመስገን! እግዚአብሔር ይመስገን! ሰላምታውን በዚህ ተቀበሉኝ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ደብዳቤዎን ፖስታ ቤት ደረጃ ላይ አንብቤ ያለ ዣንጥላ በዝናብ ቤቴ ገባሁ።

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ሁሉንም ከመጀመሪያ ጀምሬ ጽፌ ራፖር አደረግሁት፤ «አንዲት የአገው ምድር ልጅ እንዴት እንደተናገረች» የሚል ርእስ ሰጠሁት። በመምህራን ስብሰባ ላይ አነበብኩት፤ አጨበጨቡልኝ። ዲሬክተሩ እጄን ጨብጠው «ይህ ለሌሎች ትምህርት ቤቶችም መድረስ አለበት» አሉኝ። ውዴ ሳታውቀው ስሟ አዲስ አበባ ገባ!

ደግሞ ስሙኝ። መስማት ለማይችሉ ልጆች አዲስ ትምህርት ቤት እዚሁ ከተማ ተከፍቷል አሉ። አዳሪ ነው። መስከረም ሲጠባ ሄጄ ስሟን አስመዘግባለሁ፤ ያየሁትን በዚያው ዕለት እጽፍላችኋለሁ። ቃሌ ነው።

ልጃችሁ ነጋ


ጥርባ፣ ኅዳር 6 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለመምህር ነጋ

እግዚአብሔር በሰላም ያቆይህ። መስከረም ጠባ፣ ጥቅምትም አለፈ። በየገበያው ቀን አቶ ዋጋዬ ዘንድ እሄዳለሁ፤ አሁንማ ከሩቅ ሲያየኝ ደብዳቤ የለም ሲል ራሱን ይነቀንቅልኛል። ታመህ ይሆን እያልን ሰጋን፤ ከዳንግላ የመጣ ሰው ግን እናትህ ዘንድ ደብዳቤህ እንደሚደርስ ነገረን። ለእሷ ከጻፍክ ደህና ነህ ማለት ነው፤ ተመስገን።

የምጠይቅህ ሁለት ነገር ነው። ከ«አባ» ቀጥሎ ምን እናስተምራት? «እማ» አልወጣላትም፤ ደብሪቱም ተዉት ብላለች። ሁለተኛ፣ መቀነቱን ካነሣን ሦስት ወር ሆነ፤ ሳትታሰርም እጇ ከጭኗ ላይ አይነሣም። የታዘዘችውን ትሠራለች፤ ውኃ ትቀዳለች፣ እሳት ታነዳለች፣ ሲመሽ ጥጓን ይዛ ትቀመጣለች። ቤታችን ጸጥ ብሏል። ይህ መልካም ምልክት ነው? መጽሐፉ ምን ይላል?

እንደ በፊቱ ላክልኝ የምልህ ዕቃ የለም። አንድ ቃል ብቻ ላክልኝ።

አበረ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አያ አበረ

በቤታችሁ ሰላም ይሁን። የዘገየሁት በሥራ ብዛት ነው፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ትምህርት ቤቱ የውዴን ስም መዝግቧል፤ ቦታ ሲገኝ ይጠሩናል። ልምምዱን ብዙም አታጥብቁባት፤ ቀስ በሉ። ዝርዝሩን በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

መልካም ገና።

ነጋ


ጥርባ፣ የካቲት 14 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለመምህር ነጋ

ይህን የምጽፈው የደብሪቱ የእህት ልጅ እህተማርያም ነኝ። እንጅባራ አራተኛ ክፍል እማራለሁ። አክስቴ በአገውኛ ትናገራለች፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ።

ነጋ፣ እንዴት ነህ? ሰላምታውን እህተማርያም ታሳምረው፤ እኔ አልችልበትም። (መምህር ነጋ ሆይ፣ ለከበረ ጤናዎ እንደ ሰማይ ከዋክብት የበዛ ሰላምታ ይድረስዎ።) በቃ፣ በዛ አለች።

ለጥር ጊዮርጊስ ግልቢያ የሰፈሩ ፈረስ ሁሉ ወንዝ ወርዶ ሲታጠብ ውዴም ወረደች። ፈረስ ካለ እሷን ማን ይመልሳታል። እዚያ አንዱ ፈረስ ጎኗን ረገጣት። ያየ ሰው የለም፤ ለበዓሉ ሁሉም በየፈረሱ ተጠምዷል። ቤት መጣች፣ ተቀመጠች፣ የሰጠኋትን በላች። በማግስቱ ውኃ ቀዳች። በግራ ጎኗ መተኛት ስትተው አየሁ፤ ልጅ ነው፣ መገላበጥ ያምረዋል ብዬ አለፍኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ገላዋን ላጥባት ቀሚሷን ስገልጥ ከብብቷ እስከ ወገቧ ጠቁሯል።

«ለምን አልነገርሽኝም!» አልኳት። በአፌ፣ ነጋ። የቀሚሷን ጫፍ የያዘው እጄ እዚያው ይዞ ቀረ፤ ልማድ አድርገነዋል። እሷም አየችኝ። ፊቴን ፈተሸች፤ ምን እንደምፈልግባት ልታውቅ ነው። ከዚያ አፏን ከፍታ «አባ» አለች። ያለቻት ቃል ያቺ ናትና ያቺን ሰጠችኝ።

አበረ በበቅሎ ተሸክሞ እንጅባራ አደረሳት። ድሬሰሩ ሁለት አጥንት ተሰንጥቋል፣ ሳንባዋ ግን ተርፏል አለ። አሁን ደህና ትተነፍሳለች። ለዚህ እመቤቴን አመሰገንኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እጃችንን ፈታን። አበረ መስተዋቱን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው። እኔ ፊቷ ተቀምጬ የማውቀውን ሁሉ በእጄ ነገርኳት፤ ቦቃውን ፈረስ፣ ዘንገናን፣ የአባቷን ጢም። ታየኛለች። እጇ ግን ጭኗ ላይ ነው። ሰው ቤት በእንግድነት እንደ መጣች ልጅ ነው የምትቀመጠው። አንድ ዓመት ሙሉ ፊቴን አዞርኩባት፤ አሁን እሷ ብታዞርብኝ ምን ብዬ እቆጣታለሁ?

አልረግምህም። አበረ ሊጽፍልህ ብዕር አነሣና መልሶ አስቀመጠው። እኔ ግን የምጠይቅህ አለኝ። መጽሐፉ እንዲህ እንደሚሆን ያውቅ ነበር? አንተስ ታውቅ ነበር? «ቀስ በሉ» ያልከን ምን አውቀህ ነው?

ደብሪቱ

(ይህን አትጻፊ ብላኛለች፤ አጎቴ አበረ መቀነቱን እሳት ውስጥ ከቶታል። እህተማርያም።)


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 5 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለአያ አበረና ለእትዬ ደብሪቱ

ሰላምታዬን ትቀበሉኝ እንደሆነ አላውቅም። እግዚአብሔር የውዴን ጎን ይጠግን፤ ከዚህ ሌላ ልመና የለኝም።

እትዬ ደብሪቱ፣ አውቅ ነበር።

መስከረም 24 ቀን ወደዚያ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የዕረፍት ሰዓት ነበር። ግቢው ከውጭ ሲሰማ ባዶ ይመስላል። በሩን አልፌ ስገባ ግን ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች በእጃቸው ይጨቃጨቃሉ፣ ይማማላሉ፣ ይቀልዳሉ። አንዱ የዘበኛውን አካሄድ በሁለት ጣቱ ሲያሳያቸው ሌሎቹ ሣሩ ላይ ተንከባለሉ። የእናንተ ቤት መሰለኝ።

አስተማሪዋ ራሷ የማትሰማ ሴት ናት። በደብተር እየጻፍን ተነጋገርን። እኔ ኩራት ይዞኝ ራፖሬን ሰጠኋት። እስከ መጨረሻው አነበበችና «ልጅቷ ከ‹አባ› በፊት ስንት ቃል ነበራት?» ብላ ጻፈችልኝ። «ምንም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሰረዝኩትና «በእጇ ብዙ» አልኩ። «እናቷስ ያን ታውቀው ነበር?» አለች። «አዎን» አልኩ። «እንግዲያው እናቷ ግማሹን መንገድ አድርሳታለች፤ አሁንስ የት ደረሰች?» ብላ ደብተሩን ወደ እኔ ገፋችው። ደብተሩን እንዳለ መለስኩላት። የውዴን ስም አስመዝግቤ ወጣሁ።

በዚያው ዕለት ልጽፍላችሁ ቃል ሰጥቼ ነበር። ወረቀት አወጣሁ። «ተሳስቻለሁ፣ እጇን ፍቱት» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ዲሬክተሩ ግን ራፖሩን ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ሊልኩት እያስገለበጡ ነበር፤ ስሜ ከላይ ተጽፎበታል። ዛሬ ነገ እያልኩ ጥቅምት አለቀ። አያ አበረ «አንድ ቃል ብቻ ላክልኝ» ሲሉኝ እንኳ ቃሉን ይዤ ከለከልኳቸው። «ቀስ በሉ» ብዬ ስጽፍ ደፋር የሆንኩ መስሎኝ ነበር። በጥር ፈረሱ ረገጣት። ከመስከረም እስከ ጥር አራት ወር ነው። አንዲት ቴምብር ትበቃ ነበር።

እትዬ ደብሪቱ፣ ርኅራኄዎ ልጅቷን ዲዳ ያደርጋታል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያንን ደብዳቤ ባልጽፍ ኖሮ እርስዎ አያ አበረን ሸውደውም ቢሆን በእጅዎ ያናግሯት ነበር፤ እሷም ያን ዕለት ከወንዝ ስትመለስ ጎኗን ታሳይዎት ነበር። ይህን በመጽሐፉ ላይ ማላከክ አልችልም። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ቤታችሁን አላዩም፤ እኔ አይቼዋለሁ፣ ስቄበታለሁ።

ትናንት ዲሬክተሩ ዘንድ ገብቼ ራፖሩ ሐሰት ነው፣ ይመለስልኝ አልኩ። «የወጣት ችኮላ ነው፤ ሁላችንም አልፈንበታል» ብለው ሳቁልኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ደግሞ ይህን ልነግራችሁ ይገባል። ለመጪው መስከረም አንድ ቦታ ተገኝቷል። አስተማሪዋ እናትየዋ የመጀመሪያውን ወር አብራት ትቀመጥ፣ የቤቷን ምልክት ሁሉ ይዛ ትምጣ ብላለች፤ ማደሪያ ይሰጣሉ። ልጅቷ ደንግጣ እንደሆነ እንጂ አልረሳችውም፣ እንደሷ ያሉትን ስታይ ይመለስላታል የሚል ተስፋ አላት። ተስፋ ነው ያለችኝ፤ እርግጠኛ ነኝ አላለችም። እኔም ከዚህ በላይ ልጨምርበት አልደፍርም።

ላኳት አልላችሁም። ለቤታችሁ ትእዛዝ የምጽፍበት ጊዜ አልፏል። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ሳትወስኑ በፊት እሷኑ ጠይቋት። ሁለታችሁም ፊቷ ተቀምጣችሁ፣ በእጃችሁ፤ ልጆች ሁሉ በእጅ የሚያወሩበት ቤት እንዳለ፣ ሩቅ እንደሆነ፣ በአውቶብስ መንገድ ላይ ታድሮ የሚደረስበት እንደሆነ፣ ፈረስ እንደሌለበት። የከበደውን አትደብቋት።

ቦታውን እስከ ግንቦት መጨረሻ ያቆዩልናል። እሺ ካለች ጻፉልኝ፤ መጥቼ እወስዳችኋለሁ። እንቢ ካለችም ጻፉልኝ። እጇን ሳታነሣ ዝም ብላ ካየቻችሁ፣ ያንንም ቢሆን ጻፉልኝ።

ነጋ